በቡጢ የተናጠ ቅቤ

የባሌ ቡጢ ቅቤ ያወጣ ነበር ስላችሁ ልትስቁ ነው። ሳቁ፤ እኔም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ እጄ ዘገምተኛ ነው፤ ሳቅ ሲጨመርበት ደግሞ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣብኛል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ከክፉው ድርቅ በፊት፣ ክረምቱ በወጉ ይገባ በነበረበት ዘመን፣ የቆቦ ላሞች ግታቸው ሞልቶ እየተንገዳገዱ ከግጦሽ ይመለሱ በነበረበት ዘመን። ወተት የማያልቅበት ጊዜ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ወተቱ ኋላ ይመጣል።

አሁን ስለ ጎፈሬው ልንገራችሁ። ባሌ ሰይድ ጎፈሬ ነበረው። «ጎፈሬ ነበረው» ብሎ ማለፍ ግን ጎፈሬውን መበደል ነው። መጀመሪያ ጎፈሬው ይመጣል፣ ሰይድ ከሥሩ ይከተላል። በር ላይ ጎንበስ የሚለው ለቁመቱ አይደለም፣ ጠጉሩ እንዳይነካ ነው። ካፊያ ሲወርድ ትከሻው አይረጥብም። አንድ ቀን ሲያርስ ወፍ አርፋበት እስከ ማሳው ዳር አብራው ሄዳለች፤ ያየሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ የሚያምነኝ የለም። ለምን እደብቃለሁ፣ ያገባሁትም በዚያው ነው። አባቴ «ልጁ ሥራ ይወዳል» ሲል፣ እናቴ «የደህና ሰው ዘር ነው» ስትል፣ እኔ በግርግዳው ቀዳዳ የማየው ጎፈሬውን ነበር። ከተጋባን በኋላም ቅቤ የምቀባው እኔ፣ በሚዶ የማበጥረው እኔ። ራሱ የእሱ ይሁን፤ ከራሱ በላይ ያለው ግን የኔ ንብረት ነበር።

በዚያ ሰሞን አስር አለቃ ታፈሰ የሚባል ሰው ጉልበቱ ተጎድቶ ከጦር ሰራዊት ተሰናብቶ መጣና የቀበሌያችን የስፖርት ኃላፊ ሆነ። ካኪው እንደ ቢላዋ የተተኮሰ፣ ፊሽካ በአንገቱ የማይጠፋ ሰው ነው። ለአብዮት በዓል ቆቦና ዋጃ ቦክስ ይጋጠማሉ ብሎ አወጀ። በኛ አገር ሰው ሲጣላ ዱላውን ያነሣል እንጂ እጁን ጨብጦ ሰው አይመታም፤ ያ የሕፃናት ጨዋታ ነው የሚመስለን። ፊሽካውን ነፋ፣ ለመነ፣ ስብሰባ ጠራ። ማንም የለም።

ሰይድ ግን ፍየል ሊሸጥ ዋጃ ገበያ ይሄዳል። እዚያ ጋሻው የሚባል የወፍጮ ቤት ተሸካሚ አለ፤ ኩንታል በአንድ ትከሻው የሚያነሣ፣ እሱም ጎፈሬ ያለው። ሁለት ጎፈሬ በአንድ መንገድ አያልፍም አላልኩም፤ ግን አላለፈም።

«አንተ የቆቦ ሰው» አለው ጋሻው፣ «ከዚያ ጭራሮ ሥር ጭንቅላት አለ?»

«አለ» አለው ሰይድ። «ያንተ ጎፈሬ ግን ዱቄት ነው፤ ቢያራግፉት ራስህ አብሮ ይፈሳል።»

ገበያው ሳቀ። ከዚያማ ምን ቀረ? ሁለቱም ለበዓሉ ቦክስ እንገጥማለን ተባባሉ፤ የተሸነፈው እዚያው ሕዝብ ፊት ጎፈሬውን ሊላጭ ቃል ተገባቡ። ሰይድ ፍየሉን ሳይሸጥ ተመለሰ። ስሰማ ቁጭ አልኩ።

«የማንን ጎፈሬ ነው ያስያዝከው?»

«የራሴን ነዋ!»

«የራስህን? ቅቤውን ማን ቀባው? ማን አበጠረው? አንተ እኮ ከሥሩ ከመቆም ሌላ ያዋጣኸው የለም!»

ቃል ግን ቃል ነው፤ ማሸነፍ ብቻ ነበር የቀረው። በማግስቱ አስር አለቃ ግቢያችን ገባ።

«ጓድ ሰይድ፣ መዳፌን ምታ!»

ሰይድ እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለና ከላይ ወደ ታች አወረደው፤ ዱላ እንደያዘ ሰው። አስር አለቃ መዳፉን አገላብጦ አየ።

«ዝንብ ነው ያረፈብኝ ወይስ መታኸኝ?»

«መታሁህ እንጂ!»

«ጓድ፣ ቡጢ ከሰማይ አይወርድም። ከመሬት ነው የሚነሣ! እግርህ ይገፋዋል፣ ወገብህ ያዞረዋል፣ ትከሻህ ይወረውረዋል፤ እጅህ የሚያደርስ ብቻ ነው። የሚሰቀል ነገር አምጡ፤ የቡጢህን ጉልበት በዚያ እናወጣዋለን።»

ከላይ የተላኩት ጓንቶች መጡ፤ ሁለቱም የግራ። አስር አለቃ የሰይድን ቀኝ እጅ በግራ ጓንት ውስጥ ሲከተው አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ቀረ። ሰይድ «ይሄ የማን እጅ ነው?» እያለ እጁን ሲያገላብጥ ዋለ።

የሚሰቀል ነገር አሉ፣ አሮጌ የእህል ስልቻ ሰጠኋቸው። አሸዋ ሞልተው ከቁርቁራው ዛፍ ቅርንጫፍ ሰቀሉት። እኔ ከዛፉ ሥር ማሽላ ለፀሐይ አስጥቻለሁ። አንሡልኝ ብል ማን ሰምቶኝ! ሰይድ እንደ ለመደው ከላይ ሲያወርድበት ስልቻው ተረተረ፤ አሸዋው በሙሉ ማሽላዬ ላይ። ነፋነው፣ አበጠርነው፣ ለቀምነው፤ አሸዋው ግን አብሮን ኖረ። ለብዙ ጊዜ እኛ ቤት ገንፎ ሲበላ ጎረቤት ድምፁን ይሰማ ነበር።

ቀጥሎ ጆንያ ገለባ ሞልተው ሰቀሉ። ሰይድ መታ መታና ከሰዓት በኋላ እየሮጠ ወደ ቤት ገባ።

«ነይ እይ! በቡጢዬ ቀጥኖ አለቀ!»

ወጥቼ አየሁ። እውነትም ጆንያው ቀጥኗል። ለካ እሱ ከወዲህ ሲመታ ላሚቱ ከወዲያ በቀዳዳው እየጎተተች ስትበላ ኖሯል። ሆዷ ተነፍቷል። አስር አለቃ «ያ ረቢ!» አለ፤ እሱ እንኳ ክርስቲያን ነው፣ ከኛ ለምዶት ነው።

ከዚያ ዓይኑ ግርግዳዬ ላይ አረፈ። አሞሌ ይዛ ወደ ቆቦ የምትወጣ ሐሊማ የምትባል የአፋር ወዳጅ ነበረችኝ። የእነሱ ሴቶች ወተት የሚንጡት በቅል አይደለም፣ በፍየል ሌጦ ስልቻ ነው፤ ሰቅለው ወዲያ ወዲህ እያሉ። ግርግዳው ላይ የሰቀልኩት እሷ የሰጠችኝ ነው። ጥፍር የማይበጣው፣ ቢጎትቱት የማይላላ ስልቻ ነው።

«ይሄ ነው!» አለ አስር አለቃ። «ይሄ አሸዋ ቢሞላ ዓመት አይበገር!»

«አሸዋ?» አልኩት። «የወተት ዕቃዬ ውስጥ አሸዋ? አስር አለቃ፣ በሰላም ወደ መጣህበት ተመለስ።»

«እትዬ፣ የቀበሌው ክብር ነው!»

«የቀበሌው ክብር ገንፎዬ ውስጥ ገብቶ ሲንቀጫቀጭ ከርሟል።»

ሰይድ በመካከላችን ቆሞ ጎፈሬውን ዳሰሰ። ጎፈሬው እንዲተርፍ ሰውየው መለማመድ አለበት፤ ስልቻዬ እንዲተርፍ አሸዋ መግባት የለበትም። ስለዚህ አልኩ፣ «ወተቱን እንደያዘ ምቱት። ወተትም ይከብዳል። ለኔ ይናጣል፣ ለእናንተ ልምምድ ይሆናል።»

አስር አለቃ አሰበ። በሰራዊቱ ትምህርት ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው። «እንሞክረው» አለ።

እርጎውን ሞልቼ አፉን አስሬ ሰቀልኩላቸው። ሰይድ የመጀመሪያውን ቡጢ ሲያሳርፍ ማሰሪያው ተፈታ፤ እርጎው ወጥቶ የአስር አለቃን ካኪ ከአንገት እስከ ጫማ አለበሰው። ሰውየው የሚለውጠው ልብስ የለውም፣ ስብሰባም ነበረበት። የቆቦ ዝንብ በሙሉ ተከትሎት ስብሰባ ገባ። ሊቀመንበሩ «እጅ አውጡ» ሲል ሰዉ ሁሉ እጁን እያወዛወዘ ስለነበር ድምፁ በአንድ ልብ አለፈ ይባላል።

ከዚያ በኋላ እኔም ከስልቻው አጠገብ መቆም ጀመርኩ። ወተት ጠባይ አለው። በኃይል ከመታችሁት ይረበሻል እንጂ አይናጥም፤ ከቆማችሁበት ይተኛል። «ሲመጣ ተቀበለው!» እለዋለሁ ሰይድን፣ «ሲሄድ ሸኘው! ከወገብህ!»

«እትዬ ልክ ናት!» ይላል አስር አለቃ። «ወገብ! ግን ጠንከር አድርገው ጓድ!»

«ጠንከር እንዳታደርግ!»

«ጠንከር!»

«ሰይድ፣ ቅቤውን ትበትነዋለህ!»

ሰይድ ማንን ሊሰማ ነው? እራቱን የማበላው እኔ ነኝ። የኔን ሰማ። እጁ ከሰማይ መውረዱን ተወ፤ ከእግሩ ተነሥቶ፣ በወገቡ ዞሮ፣ ስልቻው ላይ ቿ ብሎ ያርፋል፣ ይመለሳል፣ ቿ ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉ ይመታው ጀመር። ስልቻውን ስከፍተው ያ ቅቤ! ቢጫ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል! እኔ በእጄ እንዲህ ያለ አውጥቼ አላውቅም።

ወሬው ዞረ። ጎረቤቶቼ እርጎአቸውን እየያዙ መጡ፤ «ለሰይድ ልምምድ እናግዝ ብለን ነው» ይላሉ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው። እኔም ለአገር ክብር ነው ብዬ እቀበላለሁ። ቅቤውን እነሱ ይወስዱና አሬራውን ይተዉልኛል። አሬራ በገንቦው፣ አሬራ በቅሉ፣ አሬራ በባልዲው፤ ውሻችን ሳይቀር ወፍሮ መጮህ ተወ። ወንዶቹ ደግሞ አጥሩ ላይ ተደግፈው ይሳለቃሉ፤ መናጥ የሴት ሥራ ነዋ!

«ሰይድ፣ ነገ ደግሞ ትፈትልልናለህ?»

«መቼ ነው የምትወልድ?»

«ልምምድ ነው!» ይላል ሰይድ ሳይዞር። «ልምምድ ነው አልኩ!»

በዓሉ ሲቃረብ አስር አለቃ ሊፈትነው መዳፉን ዘረጋ። ሰይድ መታው፤ ቿ፣ ቿ፣ ቿ። አስር አለቃ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምነው?» አልኩት።

«ደስ ይላል» አለ። «እስቲ ጓድ… ትንሽ ትከሻዬንም።»

ከዚያ የተናገረው ሲገባው ዓይኑን አፈጠጠ፤ ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ። «ቦክሰኛ አሠልጥን ተብዬ ወጌሻ አሠለጠንኩ!» ብሎ ቁርቁራው ሥር ተቀመጠ።

ሳቄ ደረቀ። የኔ ጎፈሬ! በገዛ አፌ «ቀስ፣ ቀስ» እያልኩ ቡጢውን አለስልሼ፣ አሁን ያ የዋጃ ተሸካሚ አንዴ ሲያሳርፍበት ሰይድ ሊወድቅ ነው፤ ምላጩ ከሕዝብ ፊት ሊወጣ ነው። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ከቤት ያለውን ቅቤ በሙሉ ራሱ ላይ ቀባሁት። ከቀረም በክብሩ ይቅር ብዬ ነው። በሚዶ ብድግ አደረግኩት። ሰይድ «ከበደኝ» አለ። «ቻለው» አልኩት።

የዋጃ ሰዎች በጭነት መኪና ላይ ቆመው በዚያ ሐሩር ደረሱ። የቆቦን ፀሐይ የማያውቅ ካለ ምን ብዬ ልንገረው፤ ጥላ ራሱ ጥላ ይፈልጋል። ጋሻው ከሚስቱ ከዝነሽ ጋር ወረደ፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሊደባደብ የመጣ ቢሆንስ? ከዋጃ ድረስ የመጣን እንግዳ በደረቅ ጉሮሮ ማቆም በኛ ዘንድ ነውር ነው። ያ ሁሉ አሬራ ደግሞ ተቀምጧል። በትልቁ ቅል ሞልቼ ሰጠሁት። ጨለጠው። ደገምኩለት። ጨለጠው።

«ይበቃሃል፣ አንተ ሰው!» አለችው ዝነሽ።

«ተይኝ፣ ከወፍጮ አቧራ ሌላ ምን ጠጥቼ አውቃለሁ?» አለና ሌላ ቅል ተቀበለኝ። አፉን በክንዱ ጠረገ። «እጅሽ ይባረክ እህቴ። ባልሽን ቀስ ብዬ ነው የምመታልሽ።»

ደግ ሰው ነበር። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ በገመድ ወደ ታጠረው መጋጠሚያ ሄደ።

ጓንት ሲያወጡ የዋጃዎቹ ሁለቱም የቀኝ ሆነው ተገኙ። አንድ የግራ ሰጥተን አንድ የቀኝ ተቀበልን፤ ሰይድ አውራ ጣቱን በቦታው ሲያገኘው ከልቡ ፈገግ አለ።

ፊሽካ ተነፋ። ጋሻው ወገቡን አዙሮ፣ ኩንታል የሚያነሣበትን ክንድ ወደ ሰይድ ራስ ወረወረው። ጎፈሬው ላይ አረፈ። አረፈ ከማለት ተንሸራተተ ማለት ይቀላል፤ ቅቤው ላይ ሸርተት ብሎ በወዲያ በኩል ወጣና ጋሻውን እንደ እንዝርት አዞረው። ሕዝቡ ጮኸ። ደገመው፤ ደግሞ ዞረ። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት ግን ፀሐዩ የራሱን ሥራ ጀመረ። ቅቤው ቀለጠ። በግንባሩ ወረደ፣ ዓይኑ ገባ።

«አላይም!» አለ ሰይድ በገመዱ ውስጥ እየተደናበረ። ጀርባውን ለጋሻው ሰጥቶ ለዳኛው ቡጢ ያነሣል።

«ዙር! በስተቀኝ! ምታ!» ይላል አስር አለቃ።

«የቱ ነው ቀኝ?»

ጋሻው አንዱን ጎኑ ላይ አሳረፈበት፤ ሰይድ ተንበርክኮ ተነሣ። ከገመዱ ማዶ ባለምላጩ ምላጩን ድንጋይ ላይ ሲስል ሰማሁት። ያን ጊዜ ነጠላዬን ጥዬ ጮህኩ፤

«ናጥ! ሰይድ፣ ናጥ!»

ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ዓይኑን ጨፈነ። እግሩን ተከለ፣ ወገቡን ፈታ፣ እጁን ላከ። የጋሻው ሆድ ተቀበለው። ቿ! መለሰና ላከ። ቿ! ሲመጣ ይቀበለዋል፣ ሲሄድ ይሸኘዋል። በዚያ ሆድ ውስጥ ያለው አሬራ ድምፁ እስከ ኋላ ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ ያን ድምፅ ከእናታቸው ጀርባ ጀምሮ የሚያውቁት ነው፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷማ አላስቻላትም።

«ኧረ ቀስ በል፣ ቅቤው ሊወጣ ነው!»

የጋሻው ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ሁለቱንም ጓንቶች አነሣ። «አንዴ… አንዴ ቆዩኝ ወንድሞቼ!» አለና ገመዱን ዘሎ ማሽላው ውስጥ ገባ። የመስከረም ማሽላ ሰው ይውጣል። የሚሰማው መንኮሻኮሹ ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚሰማውን ለጨዋነት ስል አልጽፈውም። ዳኛው ግራ ገባው። ወደ ማሽላው ዞሮ እስከ አስር ቆጠረ፤ ሰው ሲያጣ እንደገና ከአንድ ጀመረ። በመጨረሻ የሰይድን እጅ አነሣ። ሰይድ አሁንም ዓይኑን አልገለጠም፤ «ወጣ? ወጣ?» ይለኛል፣ ስለ ቅቤው።

እልልታው፣ ጭፈራው ሆነ። ከዚያ ጋሻው ከማሽላው ወጣ፤ ጎፈሬው ላይ ቅጠል ተሰክቶ። ማንም ሳይጠራው ባለምላጩ ፊት ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ቃል ነው» አለ። «ላጩኝ።»

ዝነሽ ፊቷን አዞረች። ስታዞር ከጉያዋ ሚዶዋ ብቅ አለ። ወዝ የጠገበ፣ ጥርሱ የተሸረፈ፤ የኔው ሚዶ መንትያ። ያበጠረችው እሷ፣ የቀባችው እሷ። እዚያ በርጩማ ላይ የተቀመጠው የእሷ ንብረት ነበር።

«ቆይ!» አልኩ።

ሽማግሌያችን ሼህ ኢብራሂም ዘወር አሉ። «ምን ሆንሽ ልጄ?»

«አባባ፣ የመታው ሰይድ ነው፤ የጣለው ግን አሬራዬ ነው። እንግዳ ያጠጣሁት ላስላጨው ብዬ አይደለም። በኔ አሬራ የሰው ጠጉር አይወርድም!»

«በደንቡ መሠረት ግን…» አለ አስር አለቃ።

«ደንቡ አሬራ ያውቃል?» አሉት ሼህ ኢብራሂም።

አስር አለቃ ካኪውን አየ። ሼሁም ፈረዱ፤ ግጥሚያው በሌላ ቀን በባዶ ሆድ ይደገማል፣ እስከዚያ ሁለቱም ጎፈሬ በየራሱ ይቆያል። ጋሻው ከበርጩማው ሲነሣ ጎፈሬውን በሁለት እጁ ያዘው፤ ያለ መሆኑን ለማረጋገጥ። እኔም ለዝነሽ ቅቤ በቅጠል ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሰይድ አኮረፈ። «አሸንፌው ደግሞ በቡጢዬ ቅቤ ይቀባ?» እያለ ሰነበተ።

የመልሱ ግጥሚያ ግን የዘንድሮ ማሽላ ይግባ ተባለ፣ ማሽላው ገባና ሌላ ነገር መጣ። ክፉው ቀን ደረሰ፤ ላሞቹም አለቁ፣ ሼህ ኢብራሂምም ወደ አኼራ ሄዱ፤ ስለዚያ ዛሬ አልጽፍም። አስር አለቃንም ጦርነቱ መልሶ ወሰደው። ደርግም ሄደ። ላም እንደገና በግቢያችን ስትቆም ሰይድ ምንም ሳይለኝ ስልቻውን አራግፎ ቁርቁራው ላይ ሰቀለው። የሚያልፍ ሰው ከሳቀበት መልሱ ያው ነው፤ «ልምምድ ነው!»

አንድ ቀን ቆቦ ገበያ ላይ ዝነሽን አገኘኋት። ተሳሳምን። ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት ተጠያየቅን።

«ጋሻውስ?» አልኳት።

«ደህና ነው» አለች፤ ዞር ዞር ብላ አየችና ጆሮዬን ተጠጋች። «የኔማ እንዳንቺ ስልቻ ሰቅዬለት፣ ይኸው ለመልሱ ግጥሚያ ይለማመዳል። እኔ ከናጥኩ ስንት ጊዜዬ!»

ገበያው መሐል ተያይዘን እስክንቀመጥ ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ግጥሚያው መቼም እንዳይደረግ ተማምለናል። የኔው «ዘንድሮ እንኳ ቀን ይቆረጥ» ሲል እኔ ዝነሽ ታማለች እላለሁ፤ የእሷው ሲነሣ እሷ የቆቦዋ እግሯን ታማለች ትላለች። አላህ ይጠብቀን እንጂ ስንቱን በሽታ ታመናል!

አሁን ሁለቱም ሸምግለዋል። ጎፈሬዎቹም ማንንም ምላጭ ሳይጠብቁ በየራሳቸው ጊዜ ረግፈው ሄደዋል፤ የሰይድ ራስ ዛሬ ቅቤ ብቀባው መስተዋት ነው የሚሆን። ሚዶዬ ግን እስካሁን አለ፤ ግርግዳው ላይ ሰክቼው አልፎ አልፎ አየዋለሁ። ትናንት ከስልቻው ፊት ቆሞ፣ እግሩን ተክሎ፣ ቿ ቿ ሲያደርገው አዘንኩለት።

«አንተ ሰይድ» አልኩት፣ «አሁን ብታሸንፈውስ ምኑን ትላጨዋለህ?»

እጁን ሳያቆም ባዶ ራሱን በሌላው እጁ ዳሰሰ። ትንሽ አሰበ።

«ጢሙን!» አለኝ።

የስልቻውን አፍ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩለት።